በመንገድ ሥራ ጊዜ የጅረትና የረግረግ ጥበቃ፤ ከውርጌሳ ተዳፋት አንጻር



ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚያመራው ዋና መንገድ ውርጌሳ ሲደርስ በግራው ተራራውን፣ በቀኙ ደግሞ ወደ አፋር ቆላ የሚያዘቀዝቀውን መሬት ይዞ ይጓዛል። ከውርጌሳ እስከ መርሳ፣ ከመርሳም በስሪንቃ አድርጎ እስከ ወልድያ ድረስ የአገሩ አቀማመጥ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ውኃው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ስለዚህ መንገዱ ከተራራው የሚመጣውን ጅረት፣ ምንጭና ጎርፍ ተራ በተራ እያቋረጠ ማለፍ ግዴታው ነው።

የመንገድ መሐንዲስ በትምህርት ቤት ሳለ ውኃ የመንገድ ጠላት መሆኑን ይማራል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። መንገዱም በበኩሉ የውኃ ጠላት ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው መምህር እምብዛም አያጋጥመውም። በውርጌሳ ዓይነት ተዳፋት ላይ ጅረቱና ረግረጉ የሚድኑት ወይም የሚጠፉት፣ ከመንገዱ በታች ያለው ገበሬም ማሳው የሚተርፍለት ወይም የሚሸረሸርበት፣ ከሁሉ በፊት በሁለት ቁጥሮች ነው፤ ይኸውም ፉካዎቹ ስንት እንደሆኑና ወለላቸው በምን ከፍታ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የሚወሰኑት ገና የመጀመሪያው ዶዘር ሳይነሣ፣ በቅየሳና በንድፍ ጊዜ ነው።

አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ያገናኘው መሥመር በዘመናዊ የመኪና መንገድነት የተዘረጋው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መንገዱ በየጊዜው ተጠግኗል፣ ተስፋፍቷልም። በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የባቡር ሐዲድም ወደዚህ አገር እንዲመጣ የታቀደው በዚሁ በተራራውና በቆላው መካከል ባለው መሬት ነው። አዲስ መሥመር በተጨመረ ቁጥር ያው ውኃ ደግሞ ደጋግሞ ይቋረጣል።

ከፉካዎች ቁጥር እንነሣ። ከመንገዱ በላይ እያንዳንዳቸው 40 ሄክታር የሆኑ ሁለት ጎረቤት ተፋሰሶች ቢኖሩ፣ የዝናቡ ኃይል በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር፣ የፍሰት ማባዣውም 0.4 ቢሆን፣ በተለመደው ቀመር ከእያንዳንዳቸው በሰከንድ 2.7 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይወርዳል። ነዳፊው አንድ ፉካ ለመቆጠብ ሲል የመጀመሪያውን ውኃ በጎን ቦይ ወስዶ ከሁለተኛው ጋር ያገናኘዋል፤ ቱቦውን ሰፋ ያደርግና በሰከንድ 5.3 ሜትር ኩብ በአንድ አፍ ያሳልፋል። በወረቀት ላይ ስሌቱ እንከን የለውም። መንገዱም በጎርፍ አይነካም። ከመንገዱ በታች ግን የመጀመሪያው ጅረት ውኃውን ተነጥቆ አልጋው ይደርቃል፤ ሁለተኛው ደግሞ በተፈጥሮው ያልተሸከመውን ይጫንበታል። ፈሳሽ ውኃ ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ከፍጥነቱ ስድስተኛ ርቢ ጋር እንደሚያድግ በሃይድሮሊክስ ከቆየ ሕግ የታወቀ ነው። ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ቢጨምር የድንጋዩ ክብደት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በለሰለሰ የኮንክሪት ቱቦ ውስጥ ያለፈ ውኃ ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ከጨመረ እንኳ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው።

ይህ የወረቀት ሥጋት ብቻ እንዳይመስል በአገራችን የተለካ ማስረጃ አለ። ከ1985 እስከ 1987 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራውን የመቀሌ–ዓድዋን መንገድ ጃን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በተጠናው 6.5 ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ወዲያው ከሥሩ 9 አዳዲስ ቦረቦሮች ተፈጥረው ተገኙ፤ ከ100 እስከ 500 ሜትር ወረድ ብሎም ሌሎች 7 ተቆጠሩ። ምክንያቶቹ ሦስት ነበሩ፤ የተበተነው ውኃ በአንድ ቦታ መከማቸቱ፣ የአንዱ ተፋሰስ ውኃ ወደ ሌላው መዞሩና የተፋሰሱ ስፋት መጨመሩ። በመንገዱ በራሱ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን አነስተኛ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። መንገዱ ደኅና እስከሆነ ድረስ የጥገና ሠራተኛ አይመጣም፤ ሪፖርትም አይጻፍም። ዕዳውን የሚከፍለው ከመንገዱ ክልል ውጭ ያለው ባለማሳ ነው።

ወደ ግንባታው ዘመን ሲመጣ የመጀመሪያው ጥፋት ከቁርጥ የሚወጣው አፈር ነው። ተራራው ሲቆረጥ የሚተርፈውን አፈርና ድንጋይ ዶዘሩ ወደ ታችኛው ጠርዝ ይገፋዋል፤ አጭሩና ርካሹ መንገድ ይህ ነውና። አፈሩ የጅረቱን አፍ ዘግቶ እስከ ሐምሌ ይቆያል። የመጀመሪያው ብርቱ ጎርፍ ሲመጣ ጠቅላላው ወደ ታች ይሄዳል፤ ገበሬዎች በድንጋይና በቅጠል የሠሩትን ጠለፋ ይሞላል፣ ቦያቸውን ይደፍናል፣ በማሳው ላይ ደለል ያለብሳል። በመርሳና በአካባቢው አትክልትና ፍራፍሬ የሚለማው በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ጠለፋዎች ጭምር ስለሆነ ጉዳቱ የአንድ ክረምት ብቻ ሆኖ አይቀርም። የተራፊ አፈር መጣያ ቦታ በካርታ ላይ ተለይቶ፣ የማመላለሻ ሒሳቡም ለብቻው በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ካልገባ፣ ተቋራጩ በራሱ ኪስ አፈር ያመላልሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

የወሎ የዝናብ ወራትም ለብቻቸው ሊጤኑ ይገባል። በሌላ አገር የሠራ ሰው የሥራ ሰሌዳውን ሲያወጣ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ደረቅ ወቅት አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ተዳፋት ግን የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሊመጣ ይችላል። የጅረት ማቋረጫ ሥራ፣ ጊዜያዊ ማዞሪያና ያልተሸፈነ ሙሌት በመጋቢት አጋማሽ ላይ ተከፍቶ ከተገኘ ውጤቱ ያው የክረምቱ ነው።

ውኃ ለመጠቅጠቂያ መቅዳትም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ጉዳይ ነው። በሜትር ኩብ 1.8 ቶን የሚመዝን 1,000 ሜትር ኩብ ሙሌት እርጥበቱ በ8 በመቶ እንዲጨምር ቢያስፈልግ 144 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠይቃል። በበጋ በሰከንድ 2 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ በሙሉ ቀንና ሌሊት የሚያወጣው 173 ሜትር ኩብ ያህል ነው። እንግዲህ ቦቴዎቹ የአንድ ቀን ሥራ ለማርጠብ የምንጩን አምስት እጅ ከስድስት ሲወስዱ፣ ለሰው፣ ለከብትና ለቦይ የሚቀረው ስድስተኛው እጅ ብቻ ነው። ሌሊት ውኃ የሚያጠራቅም ኩሬ ማበጀት፣ ወይም ጉድጓድ መቆፈር፣ ካልሆነም ከትልቁ ወንዝ ማመላለስ ወጪ አለው፤ ወጪው ግን የመንገዱ እንጂ የመንደሩ ሊሆን አይገባም። ከጅረት አልጋ የሚዛቀው አሸዋም እንደዚሁ ነው። አልጋው በዝቅታ ሲጎደጎድ የዳርቻው የከርሰ ምድር ውኃ አብሮት ይወርዳል፤ ጠለፋውም ከውኃው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

በዚህ ሁሉ ምክር ሊጠየቅ የሚገባው ሰው በየመስኖው ሥፍራ ውኃ እንዲያከፋፍል የሚመረጠው የውኃ አባት ነው። የዝናብ መለኪያ በሌለበት ጎርፉ የደረሰበትን ከፍታ በዛፍ ግንድ ላይ ያሳያል፤ የትኛው ጅረት በበጋ እንደሚዘልቅ፣ የትኛውም የይስሙላ እንደሆነ ያውቃል። አንዳንድ የቅየሳ ቡድን ውድ መሣሪያ ተሸክሞ በደጁ ሲያልፍ እንኳን ሊጠይቀው እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይለውም።

ሁለተኛው ቁጥር፣ ማለትም የወለሉ ከፍታ፣ ኃይሉ የሚታየው በረግረግ ላይ ነው። በተራራ ግርጌ፣ ተዳፋቱ ድንገት በሚለዝብበት ቦታ፣ ከላይ የሰረገው ውኃ ወደ ገጸ ምድር ይወጣና ጨፌ ይፈጥራል። መንገዱም ቀጥ ያለና ሜዳማ ቦታ ሲፈልግ በዚያው ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለው ረግረግ በስፋት ምን እንደሚመስል ለማየት ከውርጌሳ ወደ ደቡብ፣ ከኮምቦልቻ አልፎ፣ በሐርቡና በከሚሴ መካከል ያለውን የቦርከናን ጨፋ መመልከት ይበቃል። ይህ ሜዳ በበጋ ከአፋር ቆላ ሳይቀር ለሚመጣ ከብት የሣርና የውኃ መጠጊያ ነው። ለቅየሳ ባለሙያ «የማይረባ ረግረግ» ሆኖ የሚታየው መሬት ለአርብቶ አደሩ የድርቅ ዓመት ጎተራው ነው።

የፉካው ወለል ከጨፌው ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ፉካው የውኃ መተላለፊያ መሆኑ ይቀርና ማፋሰሻ ይሆናል፤ በላይ ያለው ረግረግ ቀስ በቀስ ይጠጣል። ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ደግሞ ሙሌቱ ግድብ ይሆናል፤ በላይ ኩሬ፣ በታች ድርቅ ይፈጠራል። ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ይብሳል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ በደብረ ማዊ ተፋሰስ የተደረገውና በ2003 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንዳመለከተው ቦረቦር ይበልጥ የሚሰፋው የከርሰ ምድሩ ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ሆኖ አፈሩን ባረጠበበት ቦታ ነው። እርጥብ ጨፌ ማለትም በትክክል እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ስለሆነም ከፉካው አፍ በታች የጀመረች የአንድ ክንድ ጉድጓድ ራስዋን ወደ ላይ እየቆረሰች ትጓዛለች፤ የግርጌ ግንብና የድንጋይ ንጣፍ ካላገዳት ፉካውን ጥላ ጨፌውን ታደርቃለች።

ረግረጉን ማለፍ ግድ ከሆነ አንድ ትልቅ ቱቦ መሐል ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ብዙ ትናንሽ ቱቦዎችን በተፈጥሮው መሬት ከፍታ መደርደር ይሻላል። ከሙሌቱም ሥር በጂኦቴክስታይል የተጠቀለለ ትልልቅ ድንጋይ በጨፌው ስፋት ልክ ቢነጠፍ ውኃው በመላው ስፋት ሰርጎ ያልፋል። ይህ ለመንገዱም ይጠቅማል። ካርል ቴርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ውኃ ያዘለ ሸክላ ተጭኖ እስኪረጋ የሚወስደው ጊዜ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ 1 ሜትሩ በ6 ወር የሚረጋ ዋልካ 3 ሜትር ውፍረት ቢኖረው አራት ዓመት ተኩል ያስጠብቃል። የሥራ ውል ይህን ያህል አይታገሥም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መሥመሩን መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ወደ ዳገቱ ገፋ አድርጎ ረግረጉን መተው ነው፤ የሚጨምረው የቁርጥ ዋጋ በጨፌ ውስጥ ከሚሰምጠው ገረጋንቲ ጋር ሳይወዳደር ውድ ነው ማለት አይገባም።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በሥራ ላይ የዋሉ ናቸው። ችግሩ የግምገማው ሰነድና የዋጋ ዝርዝሩ በተለያየ እጅ መጻፋቸው ነው። በግምገማው «ጅረቶች ይጠበቃሉ» ተብሎ የተጻፈው በዋጋ ዝርዝሩ መደብ ካልተከፈተለት ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ የሚያዝበት ጉልበት የለውም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከመንገድ የሚወጣውን ውኃ ለልማት የማዋል ሐሳብ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲና ሜታሜታ በተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ትብብር በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ ክልልም ተዛምቷል፤ የዓለም ባንክም በ2013 ዓ.ም. መመሪያ አሳትሞበታል። ከፉካ የሚወጣው ውኃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ወደ ማሳ ይመራል። ከውርጌሳ በታች፣ ጅረቱ በአሸዋ ላይ በሚዘረጋበት ቆላ ደግሞ ከቱቦ ይልቅ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ማቋረጫ ይስማማል። በኬንያ በማኩዌኒ አውራጃ እንዲህ ያሉ ማቋረጫዎች ከበላያቸው አሸዋ አግደው ውኃ እንዲያጠራቅሙ ተደርገው ተሠርተዋል። ሆኖም ሐሳቡ መልካም ነው ተብሎ በየቦታው ሊቀዳ አይገባም፤ ገደላማ በሆነው በላይኛው ተዳፋት ከመንገድ ዳር የተቆፈረ ኩሬ ሙሌቱን አርጥቦ ሊያንሸራትት ይችላል።

የመንገድ ሥራ ውል ብዙውን ጊዜ ለጉድለት ማረሚያ አንድ ዓመት ይሰጣል፤ በዚህ ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ክረምት ይገኛል። የርክክቡ ኮሚቴ በመኪና ሆኖ አስፋልቱን ከማየቱ በፊት ዝናቡ እንዳባራ፣ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ፣ የውኃ አባቱን ይዞ ከየፉካው አፍ 500 ሜትር በእግሩ ወደ ታች ሊወርድ ይገባዋል፤ የአልጋውን ጥልቀት በቅየሳው ጊዜ ከተለካው ጋር ያስተያያል፣ ጠለፋው መሥራቱን ያያል፣ በጨፌው ውስጥ በተተከለው እንጨት ላይም የውኃውን ከፍታ ያነባል።