ወደ ስሜን ተራሮች ያደረግነው ጉዞ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



ስለ ስሜን ጉዞአችን እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ደስታም ፍርሃትም ተሰማኝ። ደስታው ስላየሁት ነገር ነው፤ ፍርሃቱ ግን ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ በተደረገው ክርክር ላይ ስለ ተናገርሁት ነው። ያን ጊዜ፥ «ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ሰው ግን የትም ቢሄድ ይኖራል፤ ስለዚህ ሰው ከፓርኩ ይውጣ» ብዬ ተከራክሬ፥ እናንተም አጨብጭባችሁልኛል።

አሥራ አንድ ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር ሆነን ከደባርቅ ተነሣን። ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተመደበልን፤ ዕቃችንን የጫኑልን ግን አንድ ሽማግሌ ባለ በቅሎ ነበሩ። ከሳንቃ በር እስከ ግጭ ያለው መንገድ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ወደ 3,600 ሜትር ገደማ ስለሚወጣ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ የእግር ኳስ ተጫዋች ነኝ ባዩ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ፤ ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ አልተቀመጡም።

በመንገዳችን ላይ ጭላዳዎች እንደ በግ መንጋ ተሰማርተው ሣር ሲነጩ አየን። ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡ ሣር የሆነ እርሱ ብቻ ነው ይባላል። ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር አለው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ሲመሽ ሁሉም ለማደር ወደ ገደሉ ይወርዳሉ። እኛ ቁልቁል ለማየት የፈራነውን ገደል ግልገሎቹ ይጫወቱበታል!

ግጭ ስንደርስ ሽማግሌው በቅሏቸውን አቁመው በሣሩ መካከል ወዳሉ ጥቂት ድንጋዮች ተመለከቱ።

«ምንድን ነው፥ አባባ?» አልኋቸው።

«ቤቴ ነበር፥ ልጄ» አሉኝ።

ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እርሻውና ግጦሹ ስለ በዛ፥ ዋልያውም ስለ ተመናመነ፥ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተጻፈ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ይህን ሁሉ በክርክሩ ቀን በቃሌ አውቀው ነበር።

በማግሥቱ ከጨነቅ አጠገብ ዋልያውን ከሁላችን ቀድመው ያዩት እኒሁ ሽማግሌ ናቸው። «ዝም በሉ፥ ይደነግጣል» አሉን። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ትልቅ ወንድ ነበር፤ ከገደሉ ከንፈር ላይ ቆሞ ተመለከተን።

«አባባ፥ በዚህ በዋልያ አይናደዱም?» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«እሱ ምን አደረገኝ? ከገደሉ በቀር ምን አገር አለው!» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «እኔ ግን ገብስ መዝራት እንጂ መነገድ አላውቅም፤ ከተማ ለገባ ገበሬ በሬው ምን ይሠራለታል?» አሉኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ዛሬም ቢሆን ዋልያው ይጠበቅ እላለሁ። «ሰው የትም ቢሄድ ይኖራል» ያልሁትን ግን በፊታችሁ እንደ ተናገርሁት በፊታችሁ አነሣዋለሁ፤ ያን ጊዜ ያጨበጨባችሁልኝንም መልሳችሁ ውሰዱ።