ዘር ሲለቀም ሰው እንዳይወድቅ




ከጉለሌ በላይ ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በባሕር ዛፍ መሸፈኑ ይታወቃል። የአበሻ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ከሚሠሩት መካከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር የተቋቋመው 705 ሔክታር ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብርም የችግኝን ፍላጎት ከፍ አድርጎታል። ችግኝ ያለ ዘር አይገኝም፤ ጥሩ ዘር ደግሞ ያለው ዛፉ ላይ ነው።

መሬት ላይ የተለቀመ ዘር ብዙውን ጊዜ ተባይ የነካው ወይም የየትኛው ዛፍ እንደሆነ የማይታወቅ ነው። ዘሩ ከአንድ ዛፍ ብቻ እንዳይሆን ከ30 ካላነሱ፣ ተራርቀው ከበቀሉ እናት ዛፎች እንዲሰበሰብ ይመከራል። ጥድና ኮሶ ደግሞ ፍሬ የሚይዙት ሴቴዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለቃሚው ደጋግሞ ይወጣል፣ ደጋግሞም ይወርዳል። ይህ «እገሌ ጎበዝ ነው፣ ይወጣል» ተብሎ ለአንድ ወጣት የሚተው ሥራ አይደለም። እሱ ቢወድቅ ቤተሰቡም አብሮ ይወድቃል።

ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው በጠፍር እየተሳበ ሲወጣ ከላይ ያለው ሰው ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ይይዝለታል። ዛፍ መውጣትም እንዲሁ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ልምምዱ በቡድንና በሠለጠነ ሰው መሪነት ቢሆን ይመረጣል።

በቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ ቋጠሮ መሬት ላይ ይጠናል። ከዚያ ከሰው ቁመት በማይበልጥ ከፍታ መውጣት ሳይሆን መውረድ ይለመዳል። ከመውጣት በፊት አንዱ የሌላውን ቀበቶና ቋጠሮ ይፈትሻል። የደረቀ ቅርንጫፍ፣ የተሰነጠቀ ግንድ፣ የንብ መንጋና የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩ ይታያል። ዛፉ ላይ አንዱ ማሰሪያ ሳይያዝ ሌላው አይፈታም። ከታች ያለው ረዳት የራስ መከላከያ ቆብ አድርጎ ከቦታው አይርቅም፤ ከዛፉ ሥርም ሰው አያሳልፍም። ዝናብ ወይም ነፋስ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። ማንም «ይቁም» ካለ ጀማሪም ቢሆን ይሰማል።

ገመድና ቀበቶ ለአንድ ገበሬ ውድ ነው፤ ለማኅበር ግን በጋራ ሊገዛ፣ በመዝገብ ተይዞ በደረቅ ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ያረጀ ገመድ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ ለሰው አይውልም። ከኃላፊዎች የሚጠበቀው የመለማመጃ ቦታና አሠልጣኝ ማመቻቸት ነው።

እንግዲህ በየማኅበሩ የተሰበሰበው ዘር በኪሎ ሲመዘን፣ የወጣው ሁሉ በሰላም መውረዱም አብሮ ይመዝገብ።