ወንድ ልጅና ራሱን መጠበቅ



በጥርባም ሆነ በሌላው የአዊ አገር ያደገ ወንድ ፈረስና ዘንግ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ጉግሥ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ አሳዳጁ ዘንጉን ሲወረውር ተሳዳጁ ጋሻውን ወደ ኋላ መክቶ፥ ጐንበስ ብሎ ያመልጣል እንጂ ቆሞ አይማታም። ፈሪ የሚለውም የለም፤ እንዲያውም እልል ይባልለታል።

ታዲያ ያው ሰው ማታ ከጠጅ ቤት ሲወጣ ቢሰደብ፥ «ሸሸ እንዳልባል» ብሎ የሚቆመው ስለ ምንድን ነው? እኔም በጐረምሳነቴ እንዲሁ ቆሜ ያተረፍሁት የግንባር ጠባሳ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ78ኛው አንቀጽ መከላከልን የሚፈቅደው፥ ሕገ ወጡ ጥቃት የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበና በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል ሲሆን፥ አጸፋውም ከመጠን ያላለፈ እንደ ሆነ ነው። ዱላው ከእጁ ወድቆ የተዘረረን ሰው መደብደብ መከላከል አይባልም።

ስለዚህ መለማመድ የሚገባን ክንድን አንሥቶ ራስን መሸፈን፥ ብርሃንና ሰው ወዳለበት መሮጥ፥ ድምፅንም ከፍ አድርጎ መጮኽ ነው። መሣሪያ የያዘ ቀማኛ ቢገጥማችሁ ቦርሳውን ራቅ አድርጋችሁ ጣሉለትና በሌላው አቅጣጫ ሩጡ፤ ደመወዝ የተቀበላችሁበት ቀን ቢሆንም እንኳ።