የአካባቢ ፕላንና የታሪክ ቅርስ፦ መካነ ሰላምና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ቅርስ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳብ የሚመጣው አንድ ሕንፃ ነው። የአክሱም ሐውልት፣ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ የጎንደር ግንብ ይጠቀሳሉ። ሕንፃው ይታጠራል፣ ጠባቂ ይቆምለታል፣ ሰሌዳ ይተከልበታል፤ ከዚያም ሥራው እንደ ተፈጸመ ይታሰባል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ አስተሳሰብ ለብዙው የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም ለምዕራብ ደቡብ ወሎ የማይበቃ መሆኑን ማሳየትና የቅርስ ጥበቃ ከከተማና ከገጠር ፕላን ተለይቶ ሊቆም እንደማይችል ማስረዳት ነው። ጉዳዩ ለታሪክ ምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። መንገዱን የሚቀይሰው፣ የቦዩን አቅጣጫ የሚወስነው፣ የድንጋይ ካባውንና የገረጋንቲ ማውጫውን ቦታ የሚመርጠው መሐንዲስ ነውና፣ የአንድ ቅርስ መትረፍ ወይም መጥፋት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእርሱ የንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አገሩና ታሪኩ

መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የቀድሞው የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። ደጋውን ከምዕራብ የዐባይ ሸለቆ፣ ከሰሜን የበሽሎ ገደል ይከብቡታል። ካርታውን ብቻ የተመለከተ ሰው አገሩ ከዓለም ተለይቶ የኖረ ሊመስለው ይችላል። ታሪኩ ግን የመንግሥትና የትምህርት ማእከል እንደ ነበር ይመሰክራል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት ታላቁ ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ «መጽሐፈ ምሥጢር» የተባለውን ድርሰታቸውን የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ1424 ሲሆን፣ የሚጠሩበት የጋስጫ ገዳም በዚሁ በቦረና ምድር ይገኛል። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያም በትውፊት ከአክሱም ጽዮን፣ ከመርጡለ ማርያምና ከጣና ቂርቆስ ጋር መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት ቦታዎች አንዷ ሆና ትቆጠራለች። ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሯት አትሮንስ ማርያምም በመካከለኛው ዘመን አማራ ይባል በነበረው በዚሁ ግዛት የነገሥታት መካነ መቃብር ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ተቃጥላለች።

የቦታዎቹ ስሞች ራሳቸው ታሪክ ናቸው። «መካነ ሰላም» ግእዝ ነው። «ቦረና» የሚለው ስም ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ በአገሩ የሰፈረውን የኦሮሞ ሕዝብ ያስታውሳል። በለጋምቦ ያለችው የ«ቱሉ አውሊያ» ስም ደግሞ በኦሮምኛ ኮረብታ የሚለውን ቃልና ከዐረብኛ የመጣውን የቅዱሳን ሰዎች መጠሪያ አንድ ላይ ይዟል። ሦስት የታሪክ ንብርብሮች በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ በዚህ አገር ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ የአንድን ወገን ቅርስ መዝግቦ የሌላውን ቢተው፣ ሥራው ያልተሟላ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡን የሚያስከፋ ይሆናል።

ከበሽሎ በስተደቡብ፣ በዚያው በምዕራቡ የደቡብ ወሎ ደጋ፣ መቅደላ ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሚገመተውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት እ.ኤ.አ. ከ1867 መጸው እስከ 1868 የጸደይ መባቻ ድረስ፣ ገደሉን እያስደለደሉና መንገዱን ከፊት እያስጠረጉ ነበር። መድፉ እስከ ዛሬ በአምባው ላይ አለ። የተጎተተበት መንገድ ግን በኢትዮጵያ የመንገድ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ ሊሰጠው ሲገባ፣ እንደ አንድ ቅርስ ከዳር እስከ ዳር ተቀይሶ በፕላን ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። መሐንዲስ የራሱን ሙያ ቅርስ ካልመዘገበ ማን ይመዘግብለታል?

ቅርስ በዙሪያው ይኖራል

በዚህ ደጋ ያለ ገዳም ወይም የሼኽ መቃብር ብቻውን የቆመ ነገር አይደለም። ዛፉ፣ ምንጩ፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው የእግር መንገድ፣ ለክብረ በዓሉ ወይም ለዚያራው ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ፣ የአጥቢያው ገበያ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ምንጩ ቢደርቅ በዓሉ ይቀንሳል፤ በዓሉ ቢቀንስ የሚጠግነው እጅ ይጠፋል፤ ጠጋኝ ያጣ ሕንፃ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የጸደቀው የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ሰነድም የታሪክ ሐውልት ማለት ሕንፃው ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው የከተማ ወይም የገጠር ስፍራ ጭምር መሆኑን በመጀመሪያው አንቀጹ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ ከኢትዮጵያ የገቡት ላሊበላና የስሜን ተራራዎች ነበሩ፤ አንዱ የሰው እጅ ሥራ፣ ሌላው የተፈጥሮ ነው። በቦረናና በሳይንት ግን ሁለቱ የሚለያዩበትን መስመር ማግኘት ያስቸግራል።

ለዚህ ዋናው ምሳሌ ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የድንቆሮ ጫካ ነው። ጥበቃው ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ጀመረ በአገሩ ይነገራል። አስታው፣ ኮሶው፣ ጅብራው፣ በውስጡም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ደን በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የቦረና ሳይንት ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ክለላው ተገቢ ነበር። ይሁን እንጂ ከደኑ ጥግ ለሚኖረው ገበሬ ጫካው የማገዶ፣ የክዳን ሣርና የከብት ግጦሽ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው ስለ ድንበሩ ካልተጠየቀና ላጣው ነገር ምትክ ካላገኘ፣ በካርታ ላይ የተሰመረው ድንበር በመሬት ላይ አይጸናም።

ይህን ጉዳይ አያቶች ያውቁት ነበር። ከወሎ ደጋ በስተደቡብ በመንዝ ጓሳ፣ «ቀሮ» በሚባለው ሥርዐት ሕዝቡ በመረጣቸው አለቆች አማካይነት መስኩ ለዓመታት ይዘጋና በተወሰነ ጊዜ ለአጨዳ ይከፈት ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዐቱ ሲፈርስ መስኩ ተጎዳ፤ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና ተደራጅቶ የኅብረተሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ደንብ የሚከበረው አክባሪው ራሱ በማውጣቱ ሲካፈል ነው።

መንገድ፣ ክዳንና ልስን

ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው፣ ከዚያም ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃሙ ጉንደወይን የሚዘልቀው መንገድ ለአገሩ ያለው ጥቅም ተነግሮ አያልቅም። ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት፣ እህል ወደ ገበያ፣ ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ይደርሱበታል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹን ከከፈተ ወዲህም የከተሞቹ ዕድገት ፈጥኗል። ይህን ዕድገት በቅርስ ስም ለማስቆም የሚከራከር ሰው በሕዝቡ ዘንድ ተሰሚነት አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም። ጥያቄው መንገዱና ከተማው በምን ሁኔታ ይሠሩ የሚለው ነው።

አንድ የውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ የተዳፋቱን ጎርፍ ሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደን ወይም ወደ መካነ መቃብር ቢለቀው፣ በጥቂት ክረምቶች ጉድባ ይቆፍራል። ገረጋንቲ የሚወጣበት ኮረብታ የጥንት ሰፈር ፍርስራሽ ያለበት ከሆነ፣ ኤክስካቫተር በአንድ ቀን የሚያጠፋውን ማንም አይመልሰውም። እነዚህ ጉዳቶች ከክፉ ሐሳብ የሚመነጩ አይደሉም። የሚደርሱት ቀያሹ የያዘው ካርታ ቅርሱን ስለማያሳየው ነው።

ከቅን ልቡና የሚመጣ ጉዳትም አለ። ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ ይለውጣሉ። ወፍራም የሣር ክዳን የዝናቡን ኃይል ያበርዳል፤ ቆርቆሮ ግን ውኃውን በኃይል ይጥለዋል፤ ከጠርዙ የሚወርደው ውኃ መሬቱን እየመታ የጭቃና የድንጋዩን ግድግዳ እግር ያጥባል። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ጠርዙን ማስረዘም፣ ከግርጌው የድንጋይ ንጣፍ ማንጠፍ፣ ውኃውን በቦይ ማራቅ ነው። የሲሚንቶ ልስንም እንደዚሁ ነው። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ እርጥበቱን በፊቱ ያወጣል፤ በሲሚንቶ ሲሸፈን እርጥበቱ ከውስጥ ይቀራል፤ ልስኑ አምሮ እየታየ ግድግዳው ይላላል። በላሊበላ ቀደም ሲል በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተቀባው ሬንጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተደረገው ጥገና በብዙ ድካም መፋቅ ነበረበት።

አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሊኖር እንደሚችል የዐባይ ሸለቆ ራሱ ምሳሌ ይሰጣል። በሞጣ አካባቢ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተገጠመ፤ ብረቱን ጎርፍ ስለ ወሰደው በ2009 ከጎርፉ ከፍታ በላይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አሮጌው ድንጋይ በታሪክነቱ ቆመ፤ ሕዝቡም መሻገሪያ አገኘ።

ሕዝቡ የፕላኑ ባለቤት ሲሆን

በዚያው በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል። ለቅርሱ ደኅንነት ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን ቅርሱን በየዕለቱ ያጅበው የነበረው ኑሮ ከአጠገቡ ራቀ። ምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህን ውጣ ውረድ ሳያይ ሊጀምር የሚችልበት ዕድል አለው፤ ሕዝቡን የሚያገናኝ የራሱ ድርጅት አለውና። በሌላው አገር ዕድር የሚባለው በወሎ «ቅሬ» ይባላል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ሙታናቸውን ይቀብራሉ፣ ያዘነውን ያጽናናሉ። የመቃብሩን፣ የምንጩንና የመንገዱን ወሰን ከቅሬ ዳኛ አብልጦ የሚያውቅ ባለሥልጣን የለም።

ሕጉም መንገዱን አልዘጋም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209 በቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ፣ በተከለለ የቅርስ ስፍራም ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድ አዟል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን ዐዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ሕዝቡ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ደንግጓል። የጎደለው ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያገናኝ አሠራር ነው። ስለዚህ አራት ነገሮች ለማኅበሩ አባላት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለማንኛውም የወረዳ ወይም የከተማ ፕላን መነሻ የሚሆነው ካርታ ሲዘጋጅ፣ ከወንዙና ከመንገዱ እኩል የቅርስ ሥፍራዎች፣ ጠበሎች፣ መቃብሮች፣ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና የጥንት የእግር መንገዶች ከቅሬዎቹ ጋር በእግር እየተዞረ ይመዝገቡ፤ ስሞቻቸውም እንደ ሕዝቡ አጠራር ይጻፉ።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ቅየሳ ከመጽደቁ በፊት የካባ፣ የገረጋንቲና የቦይ መውጫ ቦታዎች ከዚህ መዝገብ ጋር ይመሳከሩ፤ በሥራ ውሉም ቅርስ ሲገኝ ሥራው ለጊዜው የሚቆምበትና ተቋራጩ የማይጎዳበት አንቀጽ ይግባ።

ሦስተኛ፣ በቅርሱ ዙሪያ የሚከለለው ስፍራ የሚከለክለውን ብቻ ሳይሆን የሚፈቅደውንም ይናገር። ገበሬው የትኛውን ሣር መቼ እንደሚያጭድ፣ ነዋሪው ቤቱን በምን ዕቃና እስከ ምን ከፍታ እንደሚሠራ ይወቅ።

አራተኛ፣ የመዝገቡ ቅጂ ከአንድ ቦታ በላይ ይቀመጥ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ያልተመዘገበ ንብረት ሲጠፋ፣ የጠፋው ምን እንደ ነበር እንኳ ለመናገር ያስቸግራል።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤

ከእነዚህ ሥራዎች አብዛኞቹ ከባድ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት መሐንዲሱ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት ጥቂት ቀናት ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር እንዲዞር ነው። ጋስጫና ተድባበ ማርያም፣ ድንቆሮና መቅደላ ብዙ መንግሥታትን አሳልፈው እዚህ የደረሱት በሕዝቡ ጥበቃ ነው። መንገዱ አሁን ደርሶላቸዋል፤ ከተማውም ይሰፋል። ከእንግዲህ የሕዝቡ ጥበቃ ብቻውን አይበቃም፤ ንድፉን የሚያወጣው እጅም ከጠባቂዎቹ ጋር መቆጠር ይኖርበታል።