በአደባባይ ረድፍን ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናገርላችሁ ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነው። ይኸውም መኪና የሚነዳ ሰው ወደ አደባባይ በደረሰ ጊዜ የትኛውን ረድፍ ይዞ ሊገባ፥ እንዴትስ ሊወጣ እንደሚገባው ነው።

አደባባይ የሚለው ቃል በቋንቋችን የቆየና ክብር ያለው ቃል ነው። አባቶቻችን አደባባይ ብለው የሚጠሩት ሕዝብ የሚሰበሰብበትን፥ አዋጅ የሚነገርበትን፥ ፍርድ የሚሰማበትን ስፍራ ነበር። በአደባባይ የሚደረግ ነገር ሁሉ በሰው ፊት የሚደረግ ስለ ሆነ፥ ሰው በዚያ ሲቆም አቋሙን ያስተካክላል፤ ቃሉንም ይመዝናል። መንገዶች የሚገናኙበትን ክብ ስፍራ በዚሁ ስም መጥራታችን የተስማማ ነው። በአራት ኪሎ የድል መታሰቢያ ሐውልት፥ በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፥ በፒያሳ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የቆሙት በአደባባይ መካከል ነው። በእነዚህ ዙሪያ የሚያልፍ ነጂም በሰው ፊት እንደሚሄድ ሊያስብ ይገባዋል።

ነገሩ በተለይ ከደጋው አገር ለሚመጣ ነጂ የሚጠቅም ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በሉማሜና በደጀን አልፎ፥ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፥ ድልድዩን ተሻግሮ፥ እንደ ገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በዚህ መንገድ በአብዛኛው ለሂያጅ አንድ፥ ለመጪ አንድ ረድፍ ስለ ሆነ፥ ነጂው የሚያስበው ቀኙን ስለ መያዝ፥ ፍሬኑን ስለ መጠበቅና በደኅና ስፍራ ስለ መቅደም ብቻ ነው። በሱሉልታ አልፎ እንጦጦን ወርዶ ከተማ ሲገባ ግን፥ ለአንድ አቅጣጫ ሁለትና ሦስት ረድፍ ያለው አደባባይ ይጠብቀዋል። ቀኑን ሙሉ ረድፍ መምረጥ ያላስፈለገው ሰው፥ በድካሙ ሰዓት በቅጽበት እንዲመርጥ ይገደዳል። በደብረ ማርቆስም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በከተማው ስለሚያልፍ፥ ጤፍ የጫነ ኢሱዙ፥ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና፥ ባጃጅ፥ ጋሪና እግረኛ ባንድነት ይገናኛሉ።

ኢትዮጵያ መኪናን በግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአገራችን አደባባይ የሚዞር መኪና መካከለኛውን ክብ ምን ጊዜም በግራ እጁ በኩል ያደርገዋል። በግራ በሚነዱት በእንግሊዝና በጎረቤታችን በኬንያ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ክቡ በነጂው ቀኝ ይሆናል። እንግዲህ በእኛ አገር በአደባባይ ውስጥ ያለው መኪና ወደ ገቢው የሚመጣው ከግራ ስለ ሆነ፥ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ወደ ግራው ማየትና በውስጥ ላለው ቅድሚያ መስጠት አለበት። ይህ ሕግ በዓለም ሁሉ ከጥንት የነበረ አይደለም። በእንግሊዝ አገር አስቀድሞ ገቢው ሁሉ እየተሻማ ስለሚገባ ክቡ እስኪታነቅ ድረስ ይሞላ፥ የሚወጣም ይታጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ገቢው በውስጥ ላለው እንዲቆም በተደነገገ ጊዜ ግን አደባባዩ መተንፈስ ጀመረ።

የአደባባይ ጥቅሙ ምንድን ነው? የመንገድ ሥራ ሊቃውንት እንደሚቆጥሩት፥ አራት መንገዶች በተራ መስቀለኛ ሲገናኙ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው ነጥቦች 32 ናቸው። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ በተሠራበት ስፍራ ግን ወደ 8 ይወርዳሉ። ግጭት ቢደርስም ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፥ አመጣጡም የጎን ስለሚሆን፥ ፊት ለፊት እንደሚደርሰው የከፋ አይሆንም። ረድፉ ሁለትና ሦስት ሲሆን ግን መኪኖች ጎን ለጎን ስለሚዞሩ የመጋጫው ነጥብ እንደ ገና ይበዛል። ስለዚህ አደባባዩ የሰጠንን ደኅንነት መልሶ የሚያጠፋብን፥ ረድፉን ሳይመርጥ የሚገባ ነጂ ነው።

የምርጫው ሕግ ግን አጭር ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው ከመድረሱ በፊት የቀኙን ረድፍ ይያዝ፤ የቀኝ ፍሬቻውንም ያብራ። ወደ ግራ የሚሄድ፥ ወይም ዞሮ በመጣበት የሚመለስ ሰው የግራውን ረድፍ፥ ማለት ለክቡ የሚቀርበውን ይያዝ፤ የግራ ፍሬቻም ያሳይ። ቀጥታ የሚያልፍ ሰው፥ ረድፉ ሦስት ከሆነ መካከለኛውን፥ ሁለት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን ይያዝ። በአስፋልቱ ላይ ቀስት ተሥሎ ወይም ምልክት ተተክሎ ከተገኘ ግን፥ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚታዘዙት ለዚያ ነው። ማንኛውም ሰው ከሚወጣበት መንገድ በፊት ያለውን መውጫ እንዳለፈ የቀኝ ፍሬቻውን ያብራ፤ በመስታወቱ ቀኙን ይመልከት፤ በመውጫው ላይ በዜብራ የሚሻገር እግረኛ መኖሩንም አይቶ ይውጣ። ከውስጠኛው ረድፍ የሚወጣ ሰው የሚገባበት መንገድ ሁለት ረድፍ ያለው ከሆነ በግራው ይግባ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን በውጭ በኩል ላለው አሳልፎ ይከተል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ነገር በአውድማ ላይ ያውቀዋል። በሬዎች እህል ሲያበራዩ በውስጥ ያለው አጭር ዙር፥ በውጭ ያለው ረዥም ዙር ይዞራል፤ ሁሉም በየዱካው ሲሄድ እህሉ ይበራያል። የውጩ ወደ ውስጥ፥ የውስጡ ወደ ውጭ የገፋ እንደ ሆነ ግን ዙሩ ይበላሻል፤ በሬ በሬን ይረግጣል። በአደባባይም ሁለት ጥፋቶች አሉ። አንደኛው፥ የውጩን ረድፍ ይዞ ገብቶ ክቡን ሁሉ እየዞረ ወደ ግራ የሚሄደው ነው፤ ይህ በውስጥ ሆኖ በተገቢው ለመውጣት የሚመጣውን ሰው መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛው፥ የውስጡን ረድፍ ይዞ ሳለ መውጫውን ባየ ጊዜ በድንገት ወደ ቀኝ የሚቈርጠው ነው።

ይህ ሁለተኛው የሚያደርሰውን እንመልከት። አንድ የጭነት መኪና በውስጠኛው ረድፍ እየዞረ ሳለ፥ በቀኙ ሦስት ሰው ያሳፈረ ባጃጅ አለ እንበል። የባጃጁ ነጂ ሕጉን ጠብቋል፤ ፍሬቻ ስላላየም መኪናው የሚቀጥል መስሎታል። መኪናው ወደ ቀኝ በቈረጠ ጊዜ ለባጃጁ የሚተርፈው ስፍራ የመንገዱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ በጠርዙ ላይ ደግሞ እግረኛ ቆሟል። የዳነው አንድ ደቂቃ፥ የጠፋው ግን የቤተ ሰብ አባት ሊሆን ይችላል። ረዥም ተሳቢ ያለው መኪናም ሲዞር የኋላ እግሩ ወደ ክቡ ስለሚሰበሰብ ሁለት ረድፍ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ትንሹ መኪና በጎኑ ከመሹለክ ይልቅ ከኋላው ቢከተል ይሻለዋል።

«መውጫዬ ካለፈኝስ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል ነው፤ በረድፍህ እንዳለህ እንደ ገና ዙር። አደባባይ ካለው መልካም ነገር አንዱ ይህ ነው፤ መውጫው ያመለጠው ሰው ዞሮ ያገኘዋል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደ ተባለ፥ አንድ ዙር ላለመዞር የቸኮለ ሰው ሰዓታትን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር፥ ወይም ከዚያ የከፋ ጊዜን በሐኪም ቤት ያሳልፋል።

«የመንገዱ ቀለም የጠፋ ነው፤ ሌላውም ሕጉን አይጠብቅም፤ እኔ ብቻዬን ብጠብቅ ምን ይጠቅማል?» የሚልም አይታጣም። ቀለሙ ቢጠፋም ግራና ቀኝ አልጠፉም፤ በቀኝ የሚወጣ በቀኝ፥ በግራ የሚወጣ በግራ የሚለው ሥርዐት ቀለም የማይሻ ነው። ሌላው ባይጠብቅ ደግሞ፥ በአደባባዩ ውስጥ አካሄዱ የሚታወቅ አንድ መኪና መኖሩ ለሌሎቹ ሁሉ መመሪያ ይሆናል። ረድፍና ፍሬቻ ነጂ ከነጂ ጋር የሚነጋገርበት ቃል ነውና፥ አንዱ ቃሉን ሲጠብቅ ሌላው የሚያምነው ነገር ያገኛል። ክላክስ ይህን ቃል አይተካም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ለነጂም ከመዞር በፊት መምረጥ ይቅደም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገ ወደ አደባባይ ስትቀርብ ገና ሳትደርስ ፍጥነትህን ቀንስ፤ የምትወጣበትን መንገድ በልብህ ወስን፤ ረድፍህን ያዝ፤ ወደ ግራ አይተህ በውስጥ ላለው አሳልፍ፤ ከገባህም በኋላ አትወላውል። ነጂ ያልሆንህም እንደ ሆነ፥ በታክሲም ሆነ በአውቶቡስ ተቀምጠህ ሾፌሩ በድንገት ሲቈርጥ ባየኸው ጊዜ በትሕትና ምከረው፤ ከመኪናው ጋር የሚሄደው ያንተም ሕይወት ነውና። ሁላችሁም በሰላም ወጥታችሁ በሰላም እንድትገቡ እመኛለሁ።