ሳልቪያ ስለሚባለው አበባና ስለ ትንሽ የችግኝ ማፍያ
(ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



በየመንደሩ ስንዘዋወር ከደጃፍዋ አበባ የማይታጣ አንዲት እናት፣ ያገኘውን ቅርንጫፍ ሁሉ ካጥሩ ሥር የሚተክል አንድ ሰው አይጠፋም። ጎረቤትም መጥቶ «እስቲ አንዲት ቅርንጫፍ ስጡኝ» ይላል፤ ይሰጡታልም። ዛሬ የምነግራችሁ፣ ይህ የአበባ ፍቅር እንዴት የገንዘብ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል፣ እንደዚሁም ካልተጠነቀቁለት እንዴት ኪሣራ እንደሚያመጣ ነው።

ለምሳሌ የመረጥሁት ሳልቪያ የሚባለውን አበባ ነው። ሳልቪያ የዳማከሴ፣ የበሶብላና የጦስኝ ዘመድ ነው። ግንዱን በጣታችሁ ብትዳስሱት አራት ማዕዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። በዓለም ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉት። ቀዩ ሳልቪያ ከብራዚል፣ እንደ ከፋይ የለሰለሰው ሐምራዊ ሳልቪያ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። በአገራችን ደጋም በተፈጥሮ የሚበቅሉ አሉ። የጥብስ ቅጠላችንንም የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 ከሳልቪያ ወገን አስገብተውታል።

ይህ ለሥራችን ትልቅ ምክር ነው። ለዓይን ብሎ አበባ የሚገዛ ሁልጊዜ አይገኝም፤ የጥብስ ቅጠል ግን የወጥ ቤት ነገር ነውና ይፈለጋል። ስለዚህ ከመደባችሁ እኩሌታውን የጥብስ ቅጠል አድርጉት፤ የቀረውን ለምትወዱት አበባ ስጡት። አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ።

አንደኛ፤ ጊዜ። ችግኝ በብዛት የሚተከለው ክረምቱ ሲገባ በሰኔና በሐምሌ ነው። ስለዚህ የጥብስ ቅጠሉን ቁራጭ በየካቲት፣ የአበባውን በመጋቢት ትከሉ።

ሁለተኛ፤ ቁራጭ። በማለዳ፣ ካላበበ ጤነኛ ቅርንጫፍ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ በስለታም ቢላዋ ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡ። እምቡጥ ካለበትም ቀንጥሱት፤ አለዚያ ኃይሉን በአበባ ይጨርስና ሥር መስደድ ያቅተዋል። ቀዩ ሳልቪያ በዘርም ይራባል፤ ነገር ግን ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ይሻልና አፈር አታልብሱት።

ሦስተኛ፤ አፈር። አንድ እጅ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰና የተነፋ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ያቃጥላል። የላስቲኩንም ከረጢት ውሃ እንዲያወጣ ከታች ብሱት።

አራተኛ፤ ጥላና ውሃ። ከመደቡ በላይ የሣር ዳስ ሥሩ። ሳልቪያ ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ የጥብስ ቅጠል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ይሰዳል። ከዚያ በኋላ ዳሱን በጥቂት በጥቂቱ እያነሣችሁ ፀሐይ አስለምዱት።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ከእርሻ ኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት 200 ቁራጭ ተከልሁ። እጅግ ስለምወዳቸው ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከ140 የማያንሱት ግርጌያቸው ጠቁሮ ሞቱ። ጥፋቱ ውሃ ማብዛቴ ነበር። እናንተ ግን ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አግብታችሁ ዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት።

አምስተኛ፤ ሒሳብ። የሞተው ችግኝ ወጪ ከሚሸጠው ላይ ይወድቃል። 100 ቁራጭ ተክላችሁ 50 ብቻ ቢሸጥ፣ የላስቲኩን፣ የአሸዋውን፣ የመጓጓዣውንና የድካማችሁን ዋጋ ለ100 ሳይሆን ለ50 አካፍሉት። ከዚያ በታች ከሸጣችሁ ገበያው ቢደምቅም ከስራችኋል። ደግሞም ገዢ ለመነን ብላችሁ እናት ተክሎቻችሁን አትሽጡ፤ የሚመጣው ዓመት ቁራጭ ከእነርሱ ነውና።

ስለ መሬትም ልናገር። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከረጢት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 100 ያህል ይቆማል። እንግዲህ ለጀማሪ ከጓሮው 2 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ የጤፉንና የገብሱን ማሳ አትንኩ። በደጋ ያላችሁ ቀዩና ሐምራዊው ሳልቪያ ውርጭ እንደማይችሉ ዕወቁ፤ በብርዱ ወራት ማታ ማታ ሣር አልብሷቸው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሳልቪያ የዳማከሴ ዘመድ ነው ብያለሁ እንጂ ዳማከሴ ነው አላልሁም። የአበባውን ሳልቪያ ጨምቆ ለሕመም የሚጠጣ እንዳይኖር ለገዢው ሁሉ ንገሩ።

የልማት ሠራተኞችም አደራ አለባችሁ። በአንድ ቀበሌ ሁሉም አንድ ዓይነት ችግኝ አፍልተው ዋጋ እንዳይጥሉ አስማሟቸው፤ ቁራጩ ሳይተከል በፊትም ትምህርት ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ሆቴሉን ስንት እንደሚፈልጉ ጠይቁላቸው።

በመጀመሪያው ዓመት የሸጣችሁትንና የሞተባችሁን በደብተር ጻፉ። በሁለተኛው ዓመት መደቡን የምታሰፉት ደብተሩ ትርፍ ካሳየ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና አትቸኩሉ።