የዋጋ ክርክር በዋሻ ውስጥ

ዛሬ የምናወጋው ሰውን በጽሑፍ ስለማሳቅ ነው። ቡና ላይ ማሳቅማ ስንቱ ይችልበታል! ድምፅ አለ፣ ዓይን አለ፣ ቃል ሲያጥር እጅ ይሞላዋል። ወረቀት ላይ ግን ቀልደኛው ራሱ አጠገባችን የለም።

በዚህ ሙያ ከተመሰገኑት አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም ሲድኒ ፖርተር ነው፤ በብዕር ስሙ ኦ ሄንሪ። ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነበር፤ በባንኩ ገንዘብ ተከሶ ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረ። ከተፈታ በኋላ ኒው ዮርክ ገብቶ ለአንድ ጋዜጣ የእሑድ እትም በየሳምንቱ ታሪክ ይጽፍ ነበር። የሞተው በ1910 እ.ኤ.አ. በ47 ዓመቱ ነው።

በ1907 እ.ኤ.አ. ያወጣትን አንዷን ልንገራችሁ። ሁለት ወሮበሎች የአንድ ባለጸጋ ልጅ አግተው ዋሻ ይገባሉ። (እገታ ዛሬ ለእኛ የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን የሚያሳዝኑት አጋቾቹ ናቸው።) ልጁ ራሱን የቀይ ሕንዶች አለቃ አድርጎ ሾሟል። ጎህ ሲቀድ ቢል የሚባለው አጋች ደረት ላይ ተቀምጦ፣ በቢላ የራስ ቆዳውን ሊገፍፍ ሲታገል ይገኛል። ትኩስ ድንች በጀርባው ይከትበታል። ኋላም እንደ ፈረስ ይጋልበዋል።

ሊጠይቁ ያሰቡት 2,000 ዶላር ነበር። ደብዳቤው ሲጻፍ ቢል እንባ እየተናነቀው በ1,500 እንዲሆን ይለምናል። አባትየው ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? 250 ዶላር ከከፈላችሁኝ እወስደዋለሁ፤ ግን በሌሊት አምጡት፣ ጎረቤቶቼ ካዩአችሁ ለሚያደርጉት ነገር ኃላፊ አይደለሁም። ከፈሉ!

ወልቂጤ ገበያ ለሚውል ሰው ይህን ማስረዳት ድካም ነው። ዕቃው የከበደበትን ሻጭ ገዢ ፊቱን አይቶ ያውቀዋል። ብልሃቱም እዚህ ላይ ነው፤ 2,000ው ወደ 1,500 ሲወርድ መጨረሻው ተነግሮን አልቋል፣ እኛ ግን በቢል እየሳቅን አላየነውም።

ችግሩ፣ የኦ ሄንሪን ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ሰብስቦ ያገኘ ሰው ላይ ነው። አምስት ስድስቱን በተከታታይ ካነበበ በኋላ ሳቁን ትቶ ዘዴውን ማደን ይጀምራል። በሳምንት አንድ ተጽፈዋል፤ በሳምንት አንድ ቢነበቡ ይሻላል።

የእኛው የጉራጌ ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ሌላ መንገድ ይዟል። የመጀመሪያ መጽሐፉን በቸሃ ቋንቋ ጽፎ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ትርጉም ታተመለት። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ «አፈርሳታ» የተባለውን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አወጣ። የናማጋ ጎጆ ይቃጠላል፤ ጥፋተኛውን ለማውጣት አገሬው ለአውጫጭኝ ይጠራል፤ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ እንደገና ይሰበሰባል። ወንጀለኛው ግን አይገኝም። ኦ ሄንሪ ቢሆን ኖሮ በመጨረሻው መስመር ላይ ከዳኞቹ መሐል ያስነሳው ነበር። እኔ ሣህለ ሥላሴ አለማስነሳቱን እወድለታለሁ፤ ሥራውን ጥሎ ለሸንጎ የዋለ ሰው ሁሉ ያንን ባዶ እጅ መመለስ ያውቀዋልና።